በአሮጌ የትራክተር ሞተር ውስጥ ተሰብሮ የቀረን ብሎን ስለ ማውጣት

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና አገሮች፣ በማና፣ በጎማ፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ፣ አሮጌ የናፍጣ ሞተር ገና ብዙ ሥራ አለው። አንዱ ትራክተር ያንቀሳቅሳል፤ አንዱ እህል ይፈጫል፤ ሌላው የእሸት ቡና መፈልፈያ ያዞራል። ከእነዚህ ሞተሮች መካከል ዕድሜያቸው ከነጂዎቻቸው ዕድሜ የሚበልጥ አሉ። ቢሆንም በሚገባ ከተያዙ ገና ለብዙ ዘመን ያገለግላሉ። ሞተሩን ከሥራ ውጭ የሚያደርገው ሁልጊዜ የትልቁ ብረት ማርጀት አይደለም። አንዳንድ ጊዜ ከጣት የማይረዝም አንድ ብሎን ተሰብሮ ግማሹ በብሎኩ ውስጥ ሲቀር ሥራው ሁሉ ይቆማል።

የተሰበረ ብሎን በራሱ ትልቅ ጉዳት አይደለም። ትልቁ ጉዳት የሚመጣው ብሎኑን ለማውጣት በችኮላ ከሚደረገው ሙከራ ነው። ብሎን በጥቂት ብር ይገዛል፤ የሞተር ብሎክ ግን ዋጋው ብዙ ነው፤ ለአሮጌ ሞተር ደግሞ ገንዘቡ ቢኖርም በገበያ ላይ በቀላሉ አይገኝም። ስለዚህ ባለ ሞተር ገበሬዎች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ሠራተኞችና የልማት ሠራተኞች ይህን ሥራ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሠሩት፣ የትኛውን ራሳቸው ሊያደርጉት እንደሚችሉና የትኛውን ለባለሙያ መተው እንደሚገባቸው ከዚህ በታች ተገልጿል።

በራሴ ላይ የደረሰ

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከእርሻ ኮሌጅ ወጥቼ ሥራ በጀመርሁ በሁለተኛው ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ በአንድ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነበርሁ። መፈልፈያውን የሚያዞረው ከአሮጌ ትራክተር የወጣ ሞተር ነው። የውሃ ፓምፑ ማንጠባጠብ ጀመረና አንዱን ብሎን ጠበቅ ላደርግ ስሞክር ራሱ ተቆርጦ በእጄ ላይ ቀረ። ጊዜው ከቀኑ 10 ሰዓት ነበር። ገበሬዎች እሸት ቡናቸውን በጆንያ ተሸክመው በበሩ ላይ ተሰልፈዋል። እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል እንዳለበት፣ ካደረም በጆንያ ውስጥ ሞቆ እንደሚበላሽ እኔው ራሴ ያስተማርኋቸው ነኝ።

ስለዚህ ቸኮልሁ። ትራፓኖ አምጥቼ ብሎኑን በሳሁት፤ ቀዳዳው ግን ከመካከሉ ወደ ጎን ሸሸ። በዚያ ላይ የተሰበረ ብሎን ማውጫ የሚባለውን ባለ ጠመዝማዛ ብረት አስገብቼ፣ ኃይል እንዲጨምርልኝ በቁልፉ ላይ ረጅም ቧንቧ ሰካሁና ገፋሁ። ማውጫው እንደ ብርጭቆ ተሰበረና በውስጡ ቀረ። ያ ብረት በጣም የጠነከረ ስለ ሆነ ከዚያ በኋላ የነበረን ፑንታ ሁሉ አልበሳውም አለ። በማግስቱ ከአጋሮ አንድ አዛውንት መካኒክ መጡ። ሞተሩ የተነሣው በአራተኛው ቀን ነው። በዚያ ሌሊት በእጃችን የነበረው እሸት ቡና በአልጋ ላይ ተሰጥቶ ጀንፈል ሆነ፤ ገበሬዎቹም የታጠበ ቡና ያስገኝ የነበረውን ዋጋ አጡ።

አዛውንቱ ሥራቸውን ጨርሰው እጃቸውን በላምባ ሲታጠቡ፣ «ልጄ፣ ብሎኑ ተሰብሮ ነበር እንጂ አልተጣበቀም ነበር» አሉኝ። «እንዴት ዐወቁ፣ ጋሼ?» ብላቸው፣ «ሲጠብቅ የተሰበረ ነው፤ ሲፈታ አይደለም። ራሱ ከተቆረጠ የሚይዘው ነገር የለም። በሹል ብረትና በትንሽ መዶሻ ጠርዙን መታ መታ ብታደርገው ዞሮ ይወጣልህ ነበር» አሉ። የዚህ ጽሑፍ ዋና ትምህርት ይኸው ነው፤ ከእጅ በፊት ዓይን ይሥራ።

1ኛ. ብሎን የሚሰበርበት ምክንያት

በጅማ አካባቢ ዝናቡ ብዙ፣ አየሩም ለረጅም ጊዜ እርጥብ ነው። በዓመት በአማካይ 1500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይጥላል። እርጥበት በብሎኑ ጥርስና በብሎኩ መካከል ሲገባ ዝገት ይፈጠራል። ዝገት ከብረቱ ይልቅ ሰፊ ቦታ ስለሚይዝ በጠባቡ መካከል አብጦ ብሎኑን እንደ ሽብልቅ ይይዘዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ሙቀት ነው። የጭስ ማውጫውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች በየቀኑ እየጋሉ ይበርዳሉ፤ ስለዚህ ብረታቸው ይደክማል፤ ከማንኛውም ብሎን ይልቅ እነዚህ ይሰበራሉ። ሦስተኛው ምክንያት ከመጠን በላይ ማጥበቅ ነው። ብሎን እንደ ጠንካራ ምንጭ ጥቂት ተለጥጦ ይይዛል፤ ከልኩ ካለፈ ግን ይሳባል፤ አንገቱ ይቀጥናል፤ በመጨረሻም ይቆረጣል።

አራተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ያልሆነ ብሎን መግጠም ነው። እንደ ማሴይ ፈርጉሰን 35 እና 135 ያሉት የእንግሊዝ ትራክተሮች፣ ባለ ሦስት ሲሊንደር የፐርኪንስ ሞተራቸውም ጭምር፣ በብዛት በኢንች የተለካ ብሎን ነው ያላቸው። ከሚንስክ የመጡት ቤላሩስ ትራክተሮች ግን በሚሊ ሜትር የተለካ ነው። የ5/16 ኢንች ብሎን ውፍረቱ 7.94 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ8 ሚሊ ሜትር ብሎን ጋር በዓይን አይለይም። የጥርሶቹ ርቀት ግን የተለየ ነው። አንዱ በሌላው ቀዳዳ ሁለት ሦስት ዙር ይገባና ይነክሳል። ሠራተኛው «ዝጎ ነው» ብሎ በኃይል ሲያዞረው ወይ ብሎኑ ይሰበራል፣ ወይ የብሎኩ ጥርስ ይላጣል።

2ኛ. ከመንካት በፊት መመርመር

ብሎን ሲሰበር መጀመሪያ የሚደረገው ነገር ሥራውን ማቆም ነው። ቀጥሎም እነዚህን አራት ጥያቄዎች መመለስ ይገባል።

ሀ/ የተሰበረው ሲጠብቅ ነው ወይስ ሲፈታ? ሲጠብቅ የተሰበረ ብሎን ብዙ ጊዜ ጥርሱ ነጻ ነው፤ በቀላሉ ይወጣል። ሲፈታ የተሰበረ ግን በዝገት ወይም በሙቀት የተያዘ ስለ ሆነ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ለ/ ቀሪው ጫፍ የት ነው ያለው? ከብሎኩ ፊት ብቅ ያለ፣ ከፊቱ ጋር እኩል የሆነ፣ ወይስ ወደ ውስጥ የገባ? መንገዱ ለእያንዳንዱ የተለየ ነው።

ሐ/ ቀዳዳው ከወዲያ ማዶ ክፍት ነው ወይስ ዝግ? ክፍት ከሆነና ወደ ውሃው መተላለፊያ ወይም ወደ ዘይቱ ክፍል የሚያልፍ ከሆነ የብረት ፍቅፋቂው ወደዚያ ይወድቃል።

መ/ ብሎኑ የምን ብሎን ነው? የሽፋን ብሎን ከሆነ ጉዳዩ ቀላል ነው። የቴስታታ ብሎን ከሆነ ግን የሲሊንደሩን የግፊት ኃይል የሚሸከም ስለ ሆነ ለባለሙያ መተው ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሌሎቹን ብሎኖች ሲፈቱ ርዝመታቸው እንዳይደበላለቅ በካርቶን ላይ የክፍሉን ቅርጽ ሥለው እያንዳንዱን በየቦታው ይሰኩት። ስልክ ያለው ሰው ከመፍታቱ በፊት ፎቶግራፍ ቢያነሣ በኋላ ይጠቅመዋል።

3ኛ. ዝግጅትና ጥንቃቄ

ትራክተሩ በደልዳላ መሬት ይቁም፤ ጎማዎቹም ይታገዱ። ከሥሩ መግባት ካስፈለገ በክሪክ ብቻ አንሥቶ መግባት ክልክል ነው፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት። የባትሪው ገመድ ይነቀል። የውሃ መተላለፊያ የሚነካ ከሆነ የራዲያተሩ ውሃ ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ይፍሰስ። የተከፈተ ቀዳዳ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይደፈን፤ ከሥራው በኋላ አንድም እንዳይረሳ ጨርቆቹ ተቆጥረው ይግቡ፣ ተቆጥረውም ይውጡ። በሲሊንደር ውስጥ የገባች ጥቂት የብረት ፍቅፋቂ ፒስቶኑንና የሲሊንደሩን ግድግዳ ትፍቃለች።

ለዓይን መነጽር ማድረግ የግድ ነው። ብረት ሲመታና ሲበሳ ይፈናጠራል፤ ሞተር ይጠገናል፣ ዓይን ግን አይጠገንም። እሳት ወይም ብየዳ የሚያስፈልግ ከሆነ ናፍጣ፣ ቤንዚንና ዘይት የነካ ጨርቅ ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ፤ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ ይቅረብ።

4ኛ. ዝገቱን ማላላት

የተጣበቀን ብሎን ለማላላት ቀጭን ዘይት ወደ ጥርሱ እንዲሰርግ ማድረግ ያስፈልጋል። ለዚሁ የተሠራ በቆርቆሮ የሚረጭ ዘይት በከተማ መለዋወጫ መደብሮች ይገኛል። ካልተገኘ ላምባ ከጥቂት ቀጭን ዘይት ጋር ተደባልቆ ያገለግላል፤ ሥራው ግን ከዚያኛው የዘገየ ነው። አስቀድሞ ዝገቱንና ጭቃውን በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ በቆሻሻ ላይ የተደረገ ዘይት ወደ ውስጥ አይገባም።

ዘይቱን ጠዋትና ማታ ጠብ ጠብ ያድርጉበት፤ በየጊዜውም የብሎኑን ጫፍ በትንሽ መዶሻ በቀስታ ይምቱ። መምታቱ ዝገቱን ይሰነጥቀዋል፤ ዘይቱም በስንጥቁ ይሰርጋል። ይህ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ቢወስድ አይታከቱ። የሥራው ወራት ሳይደርስ፣ በክረምት፣ ሞተሩ በሚያርፍበት ጊዜ ብሎኖቹን መመርመር የሚመከረውም ስለዚህ ነው። በሐምሌ ሦስት ቀን መታገሥ ምንም አያጎድልም፤ በኅዳር ግን ሦስት ቀን የዓመት ገቢ ነው።

5ኛ. ጫፉ ብቅ ያለ ብሎን

ብሎኑ ጥቂት ብቅ ብሎ ከቀረ ዕድለኛ ነዎት። ጥርሱ ደህና ከሆነ ሁለት ዳዶዎች ያስገቡበትና አንዱን በሌላው ላይ አጥብቀው ይቆልፏቸው፤ ከዚያ የውስጠኛውን ዳዶ በቁልፍ ወደ መፍቻው ያዙሩ። ጥርሱ ከተበላሸ በሞረድ ሁለት ጎኑን ጠፍጣፋ አድርገው ቁልፍ ያስይዙት፤ ወይም በተቆላፊ ፒንሳ አጥብቀው ይያዙት።

ሲያዞሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይግፉ። ጥቂት ከተንቀሳቀሰ መልሰው ያጥብቁት፤ እንደ ገና ይፍቱት፤ ዘይት ይጨምሩ። ብሎኑ በእያንዳንዱ መመላለስ ዝገቱን እየፈጨ መንገዱን ይከፍታል። እንደ ሰም የሚለመጥ መስሎ ከተሰማዎት ሊቆረጥ ነውና ወዲያው ያቁሙ።

ከብሎኩ ፊት ጋር እኩል የሆነና ነጻ የሚመስል ብሎን ከሆነ ሹል የብረት መውጊያ በብሎኑ ጠርዝ አጠገብ ሰያፍ አድርገው ይያዙና ወደ መፍቻው አቅጣጫ፣ ማለት ከሰዓት ዘንግ በተቃራኒ፣ በትንሽ መዶሻ ይምቱ። አዛውንቱ መካኒክ ያሉት ዘዴ ይህ ነው። ዋጋው ምንም ስለ ሆነ ሁልጊዜ አስቀድሞ ይሞከር።

6ኛ. በእሳት ማሞቅ

ዘይቱ ብቻውን ካልበቃ ሙቀት ይረዳል። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ብሎኩ ሲሞቅ ይሰፋል፤ ቀዳዳውም አብሮ ይሰፋል። ስለዚህ የሚሞቀው ብሎኑ ሳይሆን በብሎኑ ዙሪያ ያለው ብረት ነው። አስቀድሞ ዘይቱ በሙሉ ተጠርጎ ይድረቅ፤ አለበለዚያ እሳት ይይዛል። የእሳቱን ነበልባል በአንድ ቦታ ሳያቆሙ በዙሪያው ቀስ ብለው ያዙሩት። ብረቱ መቅላት የለበትም።

በዚህ ጊዜ በአገራችን በሰፊው የሚገኘው የንብ ሰም ትልቅ አገልግሎት ይሰጣል። ሰም በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት አልፎ ይቀልጣል። እሳቱን ካራቁ በኋላ የሰሙን ቁራጭ ከብሎኑ ጫፍ ጋር ሲያገናኙት ቀልጦ እንደ ውሃ ወደ ጥርሱ ይሳባል። ሲበርድም በጥርሱ መካከል ሆኖ ያለሰልሳል። ይህን ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ከዚያ ማዞር ነው።

አንድ ነገር ፈጽሞ አይደረግ። በጋለ ብሎክ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ። ብሎኩ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ድንገተኛ ብርድ አይወድም፤ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀን ብሎክ ማዳን ደግሞ የጥቂት ሰዎች ሙያ ነው። በራሱ ጊዜ ይብረድ። እንደዚሁም በናፍጣ ታንክ፣ በናፍጣ ቧንቧና በጎማ ማጠፊያዎች አጠገብ በእሳት አይሠራም።

7ኛ. ዳዶ በይዶ ማውጣት

የብየዳ መሣሪያና የለመደ በያጅ ካለ፣ ጠንክሮ ለተያዘ ብሎን የሚሻለው ዘዴ ይህ ነው። የብሎኑ ጫፍ ይጸዳል። ከብሎኑ ጥቂት ሰፋ ያለ ቀዳዳ ያለው ዳዶ በጫፉ ላይ ይቀመጣል፤ በያጁም በዳዶው መካከል ገብቶ ብሎኑንና ዳዶውን ያያይዛል። ብሎኑ ከብሎኩ ፊት ጋር እኩል ከሆነ አስቀድሞ ሮንዴላ ይበየድበትና ዳዶው በዚያ ላይ ይበየዳል። ብየዳው የብሎኩን ፊት እንዳይነካ ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

የዚህ ዘዴ ጥቅም ሁለት ነው። አዲስ ራስ ይሰጠናል፤ ከዚህም በላይ የብየዳው ሙቀት ብሎኑን ራሱን አግሎ ሲበርድ ስለሚያጠብበው ዝገቱን ይለቅቃል። ከተበየደ በኋላ ቅላቱ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ጥቂት ይታገሡና ገና ትኩስ ሳለ በቁልፍ ወዲያና ወዲህ እያመላለሱ ያዙሩት። ዳዶው ቢገነጠል ሌላ ይበየድበታል፤ ሦስትና አራት ጊዜ መድገም ነውር አይደለም። ብየዳ ከመጀመሩ በፊት የባትሪው ገመድ መነቀሉን ያረጋግጡ፤ የመሬቱም ገመድ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር።

8ኛ. በትራፓኖ መብሳት

ይህ የመጨረሻው መንገድ ነው፤ ትልቁ ጥፋትም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የብሎኩ ብረት ከብሎኑ ብረት ይልቅ ለፑንታ ይለሰልሳል። ስለዚህ ፑንታው ከመካከል ጥቂት ከሸሸ ሁልጊዜ ወደ ብሎኩ ያደላል፤ ጥርሱንም ይበላል።

መጀመሪያ የብሎኑ ፊት በሞረድ ወይም በመሮ ደልደል ይደረግ። መካከሉ ተለክቶ በሹል መውጊያ ምልክት ይደረግ፤ ምልክቱ ወደ ጎን ከሆነ ዳግም ይታረም። የተፈታው ክፍል፣ ለምሳሌ የውሃ ፓምፑ፣ በቀሪዎቹ ብሎኖች ተመልሶ ቢታሰርና በባዶው ቀዳዳ ውስጥ በልኩ የተቆረጠ የብረት ቱቦ ቢገባበት ፑንታው ያለ ማወላወል መካከሉን ያገኛል። እንዲህ ያለውን ቱቦ የቶርኖ ባለሙያ በአጭር ጊዜ ይሠራዋል።

በ3 ሚሊ ሜትር ፑንታ ይጀመር፤ ቀጥሎ ደረጃ በደረጃ ይስፋ። ትራፓኖው ቀስ ብሎ ይዙር፤ ዘይት ይጨመር፤ በየጊዜው ፍቅፋቂው ይውጣ። ወደ ግራ የሚቆርጥ ፑንታና ወደ ኋላ የሚዞር ትራፓኖ ከተገኘ እጅግ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜ በመብሳት ላይ ሳለ ብሎኑ ራሱ ዞሮ ይወጣል።

የማውጫውን ብረት የሚጠቀም ሰው ይህን ያስታውስ። ማውጫው የሚበጀው በጥቂቱ ለተያዘ ብሎን ብቻ ነው። ጠመዝማዛው ማውጫ እየገባ ሲሄድ የብሎኑን ግድግዳ ወደ ውጭ ስለሚገፋ የተጣበቀውን ይባስ ያጣብቀዋል። በአጭር እጀታ፣ በእጅ ኃይል ብቻ ይሞከር፤ ካልዞረ ይውጣ። ቧንቧ ሰክቶ መግፋት እኔ የሠራሁትን ስሕተት መድገም ነው።

ማውጫው ካልሠራ ብሎኑን በፑንታ እስከ ጥርሱ ሥር ማሳሳት ይቻላል። ከሚከተለው ልክ ግን ማለፍ የለበትም፤ ጥርሱ 1.25 ለሆነ 8 ሚሊ ሜትር ብሎን 6.8 ሚሊ ሜትር ፑንታ፤ ጥርሱ 1.5 ለሆነ 10 ሚሊ ሜትር ብሎን 8.5፤ ጥርሱ 1.75 ለሆነ 12 ሚሊ ሜትር ብሎን 10.2 ነው። በመካከል በትክክል ከተበሳ የሚቀረው የብሎኑ ጥርስ እንደ ተጠቀለለ ሽቦ ስለሚሆን በሹል ነገር ተነቅሎ ይወጣል።

9ኛ. የብሎኩን ጥርስ ማጽዳት ወይም ማደስ

ብሎኑ ከወጣ በኋላ ቀዳዳው በትክክለኛው የጥርስ ማውጫ ብረት ይጽዳ። ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ እየተደረገ በእጅ ብቻ ይዙር። ይህም ብረት እንደ ብሎን ማውጫው ሰባራ ስለ ሆነ በኃይል አይገፋ።

ጥርሱ የተላጠ ከሆነ ሦስት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ቦታው የሚፈቅድ ከሆነ ቀዳዳውን አስፍቶ ወፈር ያለ ብሎን መግጠም ነው። ሁለተኛው፣ ቀዳዳውን አስፍቶ ከጠንካራ ሽቦ የተጠቀለለ አዲስ ጥርስ ማስገባት ነው፤ በዚህ መንገድ የቀድሞው ልክ ብሎን ተመልሶ ይገባል፤ በሚገባም ይይዛል። ሦስተኛው፣ በቶርኖ የተሠራ ውስጡም ውጪውም ጥርስ ያለው ቱቦ ማስገባት ነው። ቀዳዳውን በብየዳ ደፍኖ እንደ ገና መብሳት ግን በፈሰሰ ብረት ላይ ስንጥቅ ስለሚያመጣ አይመከርም።

ሞተሩ ወደ ሙያ ቤት መሄድ ያለበት መቼ ነው? ፑንታው ወደ ውሃው መተላለፊያ የሸሸ እንደሆነ፣ ማውጫው በውስጥ የተሰበረ እንደሆነ፣ ወይም ብሎኑ የቴስታታ እንደሆነ። በዚያን ጊዜ ማቆም ከመሸነፍ አይቆጠርም።

10ኛ. አዲሱን ብሎን መግጠም

አሮጌው ብሎን ለአዲሱ መስፈሪያ ነው፤ ቁርጥራጩን ሳይጥሉ ወደ መደብር ይዘውት ይሂዱ። ውፍረቱ፣ ርዝመቱ፣ የጥርሱ ርቀትና ጥንካሬው አንድ መሆን አለበት። ጥንካሬው በራሱ ላይ ተጽፏል፤ በሚሊ ሜትር በተለካ ብሎን ላይ 8.8 ወይም 10.9 የሚል ቁጥር ይገኛል፤ በኢንች በተለካው ላይ ደግሞ ሦስት መስመር መካከለኛ ጥንካሬን፣ ስድስት መስመር ከፍተኛ ጥንካሬን ያመለክታል። ምንም ምልክት የሌለውን ብሎን በሞተር ላይ አያስሩ።

አዲሱ ብሎን ያለ ቁልፍ፣ በጣት ብቻ፣ ብዙ ዙር መግባት አለበት። በሁለተኛው ዙር ከነከሰ ይውጣ፤ ወይ ልኩ አይደለም፣ ወይ ቀዳዳው አልጸዳም። ማዶው ዝግ የሆነ ቀዳዳ ከሆነ በውስጡ ውሃ ወይም ዘይት እንዳይቀር ይድረቅ። ፈሳሽ አይታመቅም፤ ብሎኑ ሲጠብቅ እንደ ፒስቶን ገፍቶ ብሎኩን ሊሰነጥቀው ይችላል።

በጭስ ማውጫው ብሎኖች ጥርስ ላይ ሙቀት የሚችል የመዳብ ወይም የግራፋይት ቅባት በስሱ ይቀባ። የሚመጣው ዓመት መካኒክ ያመሰግንዎታል፤ ምናልባትም ያ መካኒክ እርስዎ ይሆናሉ። ቅባት የነካ ብሎን ከደረቁ ይልቅ በቀላሉ ስለሚዞር ከልኩ እንዳያልፍ ይጠንቀቁ። ሁሉም ብሎኖች በጣት ከገቡ በኋላ ከመካከል ጀምሮ ወደ ዳር፣ በአንጻር በአንጻር፣ በሁለትና በሦስት ዙር እኩል ይጥበቁ። የማጥበቂያው ልክ በሞተሩ መጽሐፍ ላይ የተጻፈው ነው፤ ልክ የሚያሳይ ቁልፍ ከሌለ ከማኅበር ወይም ከጋራዥ መዋስ ያስፈልጋል። አዲስ ጓርኒሲዮንም አብሮ ይግባ።

ለልማት ሠራተኞች

በእርሻ ትምህርታችን ዘርና ማዳበሪያ፣ ተባይና በሽታ ሰፊ ቦታ አላቸው፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ብረቱንም ማወቅ የሥራችን ክፍል ነው። የጅማ የእርሻ ቴክኒክ ትምህርት ቤት በ1945 ዓ.ም. ሲከፈት የረዱት ከአሜሪካ አገር የኦክላሆማ ኮሌጅ የመጡ መምህራን ነበሩ፤ የዚያ ኮሌጅ ስም ራሱ የእርሻና የመካኒክ ኮሌጅ የሚል ነበር። በሌላው በኩል የዓለማያ ኮሌጅ የመጀመሪያ ተማሪዎች የራሳቸው ሕንጻ እስኪደርስ ትምህርታቸውን የጀመሩት በዚሁ በጅማ ነው። እርሻና መካኒክ ከመጀመሪያው ጎን ለጎን የተሰየሙት ያለ ምክንያት አይደለም። ጥሩ ቡና ለቅሞ ያመጣ ገበሬ መፈልፈያው ከቆመበት ድካሙ በከንቱ ይቀራል።

ስለዚህ በየጣቢያው የሚከተለው እንዲደረግ እናሳስባለን። በሐምሌና በነሐሴ፣ የለቀማው ወራት ሳይገባ፣ የትራክተሩም የመፈልፈያውም ሞተር ብሎኖች አንድ በአንድ ይመርመሩ፤ የዛገው ዘይት ይደረግበት፤ የደከመው በጊዜ ይለወጥ። በአንዲት ሣጥን ውስጥ የሞተሩ ልክ የሆኑ ትርፍ ብሎኖች፣ ዳዶዎች፣ ጓርኒሲዮን፣ ስል ፑንታዎች፣ ዘይትና አንድ ቁራጭ ሰም ይቀመጡ። በሣጥኑም ክዳን ላይ ሞተሩ በኢንች ነው ወይስ በሚሊ ሜትር የሚለው በትልቁ ይጻፍ። በአቅራቢያው ያለ የታመነ በያጅና የቶርኖ ባለሙያ ስልክ ቁጥርም አብሮ ይጻፍ።

አበው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይላሉ። በዚያ በኅዳር ማታ እኔ ቸኩዬ ያፈሰስሁትን ሌሎች ለቀሙት፤ ቡናቸውን በጆንያ ይዘው በበሩ የተሰለፉት ገበሬዎች ነበሩ። ብሎን በተሰበረ ጊዜ መጀመሪያ ቁልፉን አስቀምጠው፣ እጅዎን ጠርገው፣ ሲጠብቅ ነው ወይስ ሲፈታ የተሰበረው ብለው ራስዎን ይጠይቁ። መልሱን ካገኙ የሥራው እኩሌታ አልቋል።